ቪዲዮን ለስልክና ለድረ ገጽ ማሳነስ፦ ምን ይጣላል? ምንስ ይጠበቃል?

አንድ ሰዓት የሚረዝም የሠርግ፣ የቲያትር ወይም የግጥም ምሽት ቪዲዮ ከካሜራ ወይም ከአሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ በርካታ ጊጋባይት ይይዛል። ይህንኑ ቪዲዮ የዳታ ጥቅል እየገዛ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ለመላክ ግን መጠኑ ወደ ጥቂት መቶ ሜጋባይት መውረድ ይኖርበታል። ይህ ሥራ እመቃ ይባላል። የቪዲዮ ባለሙያዎች በተለምዶ "ኮምፕረስ ማድረግ" የሚሉት ነው።

እመቃ ከምስሉና ከድምፁ ውስጥ ሰው ብዙም አያስተውለውም ተብሎ የሚታሰበውን መረጃ መርጦ የመጣል ሥራ ነው። አንዴ የተጣለው መረጃ በማንኛውም ፕሮግራም ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህም ቪዲዮን የሚያሳንስ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል፦ ለተመልካቹ የሚላከው ቅጂ ምን ያህል ይነስ? ያልተነካው ዋናው ቅጂስ የት ይቀመጥ?

የሁለተኛውን ጥያቄ ክብደት ከሐርጌሳ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ ጥቂት ነው።

በካሴት የተረፈ ቅርስ

በሶማሊላንዷ ሐርጌሳ "ጅግጅጋ ያር" የሚባል ሰፈር ይገኛል፤ ትርጓሜው "ትንሿ ጅግጅጋ" ነው። ስሙ ከተማዋ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ጋር ያላትን ቅርበት ያስታውሳል። በአውሮፓውያኑ 1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት ጦር ሐርጌሳን ከአየርና ከምድር ሲደበድብ አብዛኛው የከተማዋ ክፍል ፈርሷል። በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ድንበር ተሻግረው በጅግጅጋ አካባቢ፣ ሐርትሼክን በመሳሰሉ ጣቢያዎች ተጠልለዋል።

ከቤትና ከንብረት ጋር አደጋ ላይ ከወደቁት ነገሮች አንዱ የሬዲዮ ሐርጌሳ የድምፅ ክምችት ነበር። ጣቢያው ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሲያሰራጭ የኖረ ሲሆን፣ ዘፈኖችን፣ ግጥሞችንና ተውኔቶችን በቴፕ አስቀምጦ ነበር። "ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ" የተሰኘው የሶማሊ ሙዚቃ ስብስብ አዘጋጆች እንደሚገልጹት፣ የክምችቱን ጥፋት የፈሩ ሰዎች ከፊሉን መሬት ውስጥ ቀብረውታል፤ ከፊሉንም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻግረውታል።

ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ውስጥ ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። ማዕከሉን የሚያስተዳድረው የቀይ ባሕር የባህል ፋውንዴሽን ከ2008 ጀምሮ ዓመታዊውን የሐርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት አውደ ርዕይ የሚያሰናዳው ተቋም ነው። ከእነዚህ ካሴቶች የተመረጡ ሥራዎች በ2017 በአልበም ታትመዋል። አልበሙ በ2018ቱ የግራሚ ሽልማት በምርጥ ታሪካዊ አልበም ዘርፍ ለመታጨት በቅቷል።

ካሴት ለሶማሊዎች ከሙዚቃ መስሚያ የላቀ ነበር፤ ደብዳቤም፣ ጋዜጣም ሆኖ አገልግሏል። በ1979 በገጣሚው ጋሪዬ ተጀምሮ ሐድራዊን ጨምሮ ሌሎች ገጣሚዎች የተቀባበሉት "ዴሌይ" የተባለው የግጥም ሰንሰለት ከእጅ ወደ እጅ የተዛመተው በካሴት ነው። አንዱ ከሌላው ይቀዳል፤ ያኛውም ለሦስተኛው ያቀብላል። ነገር ግን ካሴት ከካሴት በተቀዳ ቁጥር እንደ ነፋስ የሚያፏጨው ድምፅ ይጨምራል፣ የተናጋሪው ድምፅም ይደበዝዛል። አሥረኛው ሰው ዘንድ የደረሰው ቅጂ የመጀመሪያው ጥላ ብቻ ይሆናል።

ዲጂታል ቅጂ ከዚህ ችግር ነጻ ነው ተብሎ ይታሰባል። ፋይሉ እንዳለ ሲገለበጥ በእርግጥም ምንም አይጎድልበትም። ነገር ግን ቪዲዮው በተላከ ቁጥር እንደገና ከታመቀ የካሴቱ ታሪክ ይደገማል።

እመቃ ለምን አስፈለገ?

መልሱ በሒሳብ ይገለጻል። 1080ፒ በሚባለው የጥራት ደረጃ አንድ ምስል በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት። ይህ በድምሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ማለት ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀለሙ 3 ባይት ቢይዝ፣ አንድ ምስል ብቻውን 6.2 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 25 ምስል ለሚያሳይ ቪዲዮ ይህ በሰከንድ 155 ሜጋባይት፣ በደቂቃ ከ9 ጊጋባይት በላይ፣ በሰዓት ደግሞ 560 ጊጋባይት ገደማ ነው።

ይኸው የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ሲታመቅ ወደ 2.25 ጊጋባይት ይወርዳል። ይህ ከመጀመሪያው 250 ጊዜ ያህል ያንሳል ማለት ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት ሲታመቅ ደግሞ 450 ሜጋባይት ይሆናል። ያለ እመቃ የኢንተርኔት ቪዲዮም ሆነ በስልክ የሚታይ ፊልም ባልኖረ ነበር።

ኮምፒውተሩ ምንን ይጥላል?

የእመቃ ዘዴዎች በዋናነት በሦስት መንገድ ይሠራሉ።

የመጀመሪያው የዓይንን ባሕርይ ይጠቀማል። የሰው ዓይን የብርሃንና የጥላን ልዩነት አጥርቶ ሲያይ፣ የቀለምን ጥቃቅን ለውጥ ግን ያን ያህል አይለይም። ስለሆነም የብርሃኑ መረጃ በሙሉ ተይዞ፣ የቀለሙ መረጃ ወደ ሩብ ይቀነሳል። በኢንተርኔት የሚታይ ቪዲዮ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ መልክ የተዘጋጀ ነው።

ሁለተኛው በአንዱ ምስል ውስጥ የሚካሄድ ነው። ምስሉ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያለው የብርሃን ለውጥ በሒሳባዊ ሞገዶች ይገለጻል። ዓይን የማያስተውላቸው ደቃቅ ሞገዶች በግምት ይጠጋጋሉ ወይም ይሰረዛሉ። የዚህ ሒሳብ መሠረት የሆነውን ስሌት የጠነሰሱት በሕንድ ተወልደው በአሜሪካ ያስተማሩት መሐንዲስ ናሲር አሕመድ ናቸው። ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ጽሑፍ በ1974 ታትሟል። እመቃው ከልክ ሲያልፍ በሰማይ ወይም በግድግዳ ላይ የሚታዩት ሸክላ መሰል አራት ማዕዘኖች የዚህ ክፍፍል ምልክቶች ናቸው።

ሦስተኛውና ከፍተኛውን ቁጠባ የሚያስገኘው በምስሎች መካከል ያለው ንጽጽር ነው። አንድ ገጣሚ መድረክ ላይ ቆሞ ሲናገር ከጀርባው ያለው መጋረጃ አይለወጥም፤ የሚንቀሳቀሱት ከንፈሩና እጁ ናቸው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይመዘግባል፤ ለተከታዮቹ ግን የተለወጠውን ክፍልና የእንቅስቃሴውን አቅጣጫ ብቻ ይጽፋል። ቋሚ ምስል ያለው ቃለ ምልልስ በትንሽ መጠን ሲታመቅ፣ እስክስታ የሚወርድበት ሠርግ ግን ብዙ ቦታ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮዴክና ማቀፊያ

በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። ኮዴክ ምስሉንና ድምፁን የሚያምቀውና መልሶ የሚፈታው ዘዴ ነው። ማቀፊያው ደግሞ የታመቀውን ምስል፣ ድምፅና የግርጌ ጽሑፍ በአንድ ፋይል የሚይዘው ነው። ኤምፒ4፣ ኤምኬቪና ዌብኤም ማቀፊያዎች ናቸው። ስለሆነም "ኤምፒ4 ነው" የተባለ ፋይል በአንድ ስልክ ላይ ሊከፈትና በሌላው ሊያስቸግር ይችላል፤ በውስጡ ያለው ኮዴክ ይለያያልና።

ኤምፔግ የተባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ሥራ የጀመረው ሐርጌሳ በተደበደበችበት በዚያው በ1988 ነበር። ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር በመተባበር በ2003 ያወጣው ኤች.264 የተባለው ኮዴክ እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ነው። በ2013 የተከተለው ኤች.265 ተመሳሳዩን ጥራት በግማሽ ያህል መጠን ያስገኛል። በዚያው ዓመት ጉግል ቪፒ9ን አቀረበ፤ በ2018 ደግሞ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጥምረት ኤቪ1 የተባለውን ከክፍያ ነጻ ኮዴክ አወጣ።

አዳዲሶቹ ኮዴኮች ቦታ ይቆጥባሉ፤ ነገር ግን ለማመቅ ረዥም ጊዜ ይወስዳሉ። አሮጌና ርካሽ ስልኮችም ወይ ጨርሶ አይከፍቷቸውም፣ ወይም ባትሪያቸውን ቶሎ እየጨረሱ ያጫውቷቸዋል። ተመልካቹ ምን ዓይነት ስልክ እንደያዘ በማይታወቅበት ጊዜ በኤምፒ4 ማቀፊያ ውስጥ ኤች.264 ምስልና ኤኤሲ ድምፅ መምረጥ አስተማማኙ መንገድ ነው።

ፋይሉን ሲያወጡ የሚመረጡ ነገሮች

ቪዲዮን አቀናብሮ ማውጣት፣ ማለትም "ኤክስፖርት" ማድረግ፣ ጥቂት ውሳኔዎችን ይጠይቃል። እንደ ሃንድብሬክ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች እነዚህን ምርጫዎች በግልጽ ያቀርባሉ። ትእዛዝ በመጻፍ የሚሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ ደግሞ ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ለማዘጋጀት ይመቻል።

የመጀመሪያው ውሳኔ የምስሉ ስፋት ነው። በመዳፍ ለሚያዝ ስልክ 480ፒ በአብዛኛው ይበቃል፤ 720ፒም ለትልቅ ስክሪን ይሆናል። ከዋናው ቅጂ በላይ ማስፋት ግን ፋይሉን ከማክበድ በስተቀር ጥራት አይጨምርም። በምሥራቅ አፍሪካ በተለመደው የፓል ሥርዓት የተቀረጸ የቪኤችኤስ ካሴት ወደ ዲጂታል ሲቀየር 720 በ576 ፒክስል ይሆናል። ይህን 1080ፒ ብሎ ማውጣት ቦታ ማባከን ነው።

ሁለተኛው የምስሉ ቅርጽ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ምስል አራት እጅ ስፋትና ሦስት እጅ ቁመት ነበረው። የዛሬው ስክሪን 16 በ9 ነው። አሮጌውን ምስል ስክሪኑን እንዲሞላ መለጠጥ የሰዎችን ፊትና ቁመና ያበላሻል፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ መተው ይሻላል። የድሮ ቪዲዮ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስሎችን በማፈራረቅ የተቀረጸ በመሆኑም፣ እንቅስቃሴ ሲኖር የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉ መስመሮች ይታዩበታል። ፋይሉ ከመውጣቱ በፊት "ዲኢንተርሌስ" የሚለውን ምርጫ መጠቀም ይህን ያስተካክላል።

ሦስተኛው ቢትሬት፣ ማለትም በሰከንድ የሚመደበው የመረጃ መጠን ነው። የፋይሉ ክብደት የሚወሰነው በዚህና በቪዲዮው ርዝመት ነው። ለአብነት፣ በ480ፒ ለምስሉ 800 ኪሎቢት፣ ለድምፁ 96 ኪሎቢት ቢመደብ፣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 403 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በ360ፒ ለምስሉ 450፣ ለድምፁ 64 ኪሎቢት ቢሆን ደግሞ 231 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሁለቱ ቢትሬቶች ይደመሩ፣ በሰከንዶች ቁጥር ይባዙ፣ ከዚያም ለ8 ይካፈሉ።

የፋይሉ መጠን አስቀድሞ ካልተወሰነ ሌላ የተሻለ መንገድ አለ። ፕሮግራሙ ቋሚ ጥራት እንዲጠብቅ ይታዘዛል፤ ለሚንቀሳቀሰው ትዕይንት ብዙ፣ ለረጋው ጥቂት መረጃ ራሱ ይመድባል። በስፋት በሚሠራበት የኤች.264 ማመቂያ መለኪያው ከ0 እስከ 51 ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። የተለመደው መነሻ 23 ነው። ቁጥሩ በ6 ሲቀነስ የፋይሉ መጠን በግምት እጥፍ ይሆናል።

በመጨረሻም ለድረ ገጽ የሚሆን የኤምፒ4 ፋይል ማውጫው ከፋይሉ መጀመሪያ ላይ መቀመጥ አለበት። ሃንድብሬክ ለድረ ገጽ ማመቻቸት ሲል የሚያቀርበው ምርጫ ይህንኑ ያደርጋል። ይህ ከተዘነጋ ተመልካቹ ቪዲዮውን ማየት ከመጀመሩ በፊት ረዥም ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል።

ድምፅ አይናቅ

ብዙዎች ለምስሉ ሲጨነቁ ድምፁን ይዘነጉታል። በአፍ ቃል ላይ ለተመሠረተ ጥበብ ግን ይህ ከባድ ኪሣራ ነው። የሶማሊ ግጥም ስንኞቹን በአንድ ዓይነት ድምፅ በሚጀምሩ ቃላት ያስተሳስራል፤ "ዴሌይ" የሚለው ስያሜ ራሱ ግጥሙ የተያያዘበትን የ"ደ" ድምፅ ያመለክታል። ድምፅ ከልክ በላይ ሲታመቅ በቅድሚያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹና ከፍተኞቹ ድምፆች ስለሆኑ፣ "ሰ"፣ "ሸ" እና "ፈ" መለያየት ያስቸግራቸዋል። አድማጩ ቃሉን ከሳተ የግጥሙ ማሰሪያ ይበጠሳል።

በአማርኛም ነገሩ የተለየ አይደለም። የቅኔ ሰምና ወርቅ አንዳንዴ የሚፈታው በአንዲት ፊደል መጥበቅና መላላት ነው። በጽሑፍ የማይታየውን ይህን ልዩነት የሚይዘው ድምፅ ብቻ ነው። በኤኤሲ ኮዴክ ለንግግር ከ64 እስከ 96 ኪሎቢት፣ ለሙዚቃ 128 ኪሎቢት መመደብ ተገቢ ነው። ከምስሉ ድርሻ ጥቂት ተቀንሶ ለድምፁ ቢሰጥ ተመልካቹ ብዙም አይጎዳም።

በመልእክት መለዋወጫዎች የሚደርሰው ጉዳት

አንድ ቪዲዮ በማኅበራዊ መገናኛ ሲለቀቅ ድርጅቱ በራሱ መንገድ እንደገና ያምቀዋል። ስለሆነም ለዩቲዩብ የሚጫን ቅጂ ለስልክ ከሚላከው የተሻለ ጥራት ሊኖረው ይገባል። ዩቲዩብ ራሱ ለ1080ፒ በሰከንድ 8 ሜጋቢት፣ ለ720ፒ ደግሞ 5 ሜጋቢት ይመክራል። አስቀድሞ የደበዘዘ ቪዲዮ ሲጫን የሁለት እመቃዎች ጉድለት ይደራረብበታል።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ በስፋት በሚሠራበት ቴሌግራም ቪዲዮን በሁለት መንገድ መላክ ይቻላል። እንደ ቪዲዮ ሲላክ መተግበሪያው ሊያሳንሰው ይችላል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ሳይነካ ይደርሳል። ከአንዱ መተግበሪያ ወርዶ በሌላው እየተላከ የሚዞር ቪዲዮ በየጣቢያው እየሳሳ ይሄዳል። የቤተሰብ መታሰቢያ ወይም ማስረጃ ሊሆን የሚችል ቪዲዮ ሲሆን በፋይል መልክ ወይም በፍላሽ መቀባበል ይመረጣል።

ዋናውን ቅጂ ማቆየት

የባለሙያዎች የመጀመሪያ ሕግ ዋናውን ፋይል አሳንሶ በቦታው አለመተካት ነው። ከአንድ ዋና ቅጂ ለድረ ገጽ፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን የተለያዩ የመላኪያ ቅጂዎች ይወጣሉ፤ ነገ የተሻለ ኮዴክ ሲመጣም ከዚያው ከዋናው እንደገና ይዘጋጃሉ። የፉጨት ማጥፋትና የቀለም ማስተካከያ የመሳሰሉ ሥራዎችም በመላኪያው ቅጂ ላይ ብቻ ይሠራሉ።

ቤተ መዛግብት ለዚህ የሚጠቀሙባቸው ምንም መረጃ የማይጥሉ ኮዴኮች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ኤፍኤፍቪ1 ነው። ለድምፅ ካሴት ደግሞ ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ቢያንስ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት የሆነ ያልታመቀ ቅጂ ይመክራል። ይህ በሁለት ቻናል ሲቀዳ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ይህ መጠን ለስልክ ይከብዳል፤ በሃርድ ዲስክ ለማስቀመጥ ግን ቀላል ነው።

አንድ ቅጂ ብቻ መያዝም አያስተማምንም። የተለመደው መመሪያ ሦስት ቅጂ መያዝ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ማኖርና ከሦስቱ አንዱን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የሐርጌሳ ሰዎች ቴፖቻቸውን ከፊሉን ቀብረው ከፊሉን ድንበር ሲያሻግሩ በተግባር የፈጸሙት ይህንኑ ነበር።

ጊዜውም አጭር ነው። በዩኔስኮ አንድ መርሐ ግብርና በቤተ መዛግብቱ ማኅበር ትብብር በ2019 የተጀመረው የማግኔት ቴፕ ማስጠንቀቂያ ዘመቻ፣ የድሮ ካሴቶችን የሚያጫውቱ መሣሪያዎች በ2025 ገደማ በእጅጉ እንደሚመናመኑ አሳስቦ ነበር። ቴፑ ራሱ ደህና ቢሆን እንኳ ማጫወቻና መለዋወጫ ካልተገኘ ይዘቱ ሊወጣ አይችልም። ከሐርጌሳ እስከ አዲስ አበባ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያሉ የሠርግና የበዓል ካሴቶች በዚሁ አደጋ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ካሴቱ በቅድሚያ በተቻለ ከፍተኛ ጥራት ይገለበጣል፤ ዋናው ቅጂ በተለያየ ቦታ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የመላኪያው ቅጂ ይታመቃል። የታመቀውን ከመላክ በፊት በርካሽ ስልክ ላይ ከፍቶ አንድ እንቅስቃሴ የበዛበት ትዕይንትና አንድ በለሆሳስ የተነገረ ስንኝ መፈተሽ ይበጃል። ቃሉ ከጠራና ፊቱ ከታወቀ ቅጂው ለታሰበለት አገልግሎት በቅቷል። ካልበቃም ሌላ ማውጣት ይቻላል፤ ዋናው በእጅ እስካለ ድረስ።